በቅድሚያ የፈረምኩባቸው ሰዓቶች

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ እታለሜ? ወገብሽስ እንዴት ነው? ባለፈው ጎንበስ ብዬ ስነሳ ይይዘኛል ብለሽ ነበር፤ ተሻለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ደህና ነኝ ብለሽ እያለፍሽው ነው? አባባስ እንዴት ናቸው? ምግብ ይበላሉ? ያ የከዳቸው እጃቸው ትንሽ ትንሽ መታዘዝ ጀመረ? ባለቤትሽ፣ ልጆቹ፣ ጎረቤታችን ሁሉ ደህና ናቸው? እኔ አካሌ ደህና ነው። የሌላውን ነገር ነው ልጽፍልሽ የተነሳሁት።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ማለትሽ አይቀርም። በስልክ ሦስት ጊዜ ሞክሬዋለሁ። ድምፅሽን ስሰማ ወሬዬ ሁሉ ወደ ዝናቡና ወደ ልጆቹ ትምህርት እየሸሸ አስቸገረኝ። ወረቀት ይሻላል፤ ፊቴን አያይም።

የዛሬ አራት ወር ገደማ ደውለሽ የአባባ ወገብ ሥር ቆዳቸው ተልጧል፣ ምን ላድርግ ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔ ምን እንዳልኩሽ አንቺም አልረሳሽው፣ እኔም አልረሳሁት። ሰውን አልጋ ላይ ጥለሽ የት ስትዞሪ ነው አልኩሽ። እኔ የምሠራበት የአረጋውያን ማረፊያ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይታሰብም፣ በየሁለት ሰዓቱ ነው የምናገላብጣቸው ብዬ ተኮፈስኩብሽ። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገሽው ስለነበር ቤቱ ሁሉ ሰማኝ፤ አባባም ጭምር። አንቺ እሺ ወንድሜ ብለሽ ዘጋሽው። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ቁስል አንዲት ቃል ነግረሽኝ አታውቂም። አፍሽን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

አሁን ያልነገርኩሽን ስሚ። ያን ሁሉ ስልሽ ሥራ ላይ ነበርኩ። አንሶላና ፎጣ የሚቀመጥበት ጠባብ ክፍል አለን፤ እዚያ በሩን ገርበብ አድርጌ በተጣጠፈ ብርድ ልብስ ላይ ተቀምጬ ነበር። ያ ሰዓት ደግሞ በኮሪደሩ ጫፍ ያሉትን አሮጊት የማገላብጥበት ሰዓት ነበር። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእኔ ነው እታለሜ።

እኒህ አሮጊት አርባ ዓመት ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ናቸው። በቤቱ ውስጥ ሁላችንም እማማ መርፌ ነው የምንላቸው፤ ለሙያቸውም ለምላሳቸውም ይስማማል። መጀመሪያ ቀን የደንብ ልብሴን ጠርዝ በሁለት ጣታቸው ይዘው አዩና ይህን የሰፋው ሰውዬ በእግሩ ነው እንዴ የሰፋው አሉኝ። ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ በራሳቸው መገላበጥ አይችሉም። አልጋቸው ግርጌ ወረቀት ተንጠልጥሏል፤ በየሁለት ሰዓቱ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ በጀርባ እያልን አዘዋውረን እንፈርማለን።

ስገለብጣቸው ያማቸው ነበር። አንድ ቀን ተወኝ ልጄ፣ እንዲሁ ልተኛ አሉኝ። እኔም ደስ አለኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያዘንኩላቸው መሰልኩ እንጂ የታየኝ የራሴ እረፍት ነበር። በማግስቱ እሳቸው ምንም ሳይሉ ተውኳቸው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስገባ እስከ አሥር ሰዓት ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ፈርሜ እስክሪብቶዬን ኪሴ ከተትኩ። እንዲህ እያልኩ ስድስት የሥራ ቀን አሳለፍኩ።

እኔ በማርፍባቸው ቀናት የምትተካኝ አዲስ ሠራተኛ ነበረች፤ ወሬ ስለማታበዛ ዝምተኛዋ እንላታለን። ገላቸውን ስታጥብ ቁስሉን ያየችው እሷ ናት። መቀመጫ አጥንታቸው ላይ ቆዳው ጠቁሮ፣ ግሎ፣ ጠንክሮ ቆይቶ ኖሮ ያን ቀን ፎጣ ሲነካው ተነሳ። ሮጣ ኃላፊዋን ነርስ ጠራች። ኃላፊዋ ወረቀቱን አነሳች። የእኔ ቀናት ሁሉ ከላይ እስከ ታች ተፈርመዋል። በዝምተኛዋ ቀን ግን አንዲት ባዶ ቦታ አለች፤ አጠገቧም በትንንሽ ፊደል አልተገለበጡም፣ ሌላ ሰው ወድቆ ሳነሳ ሰዓቱ አለፈኝ የሚል ተጽፏል።

እውነቱን የጻፈችው ጥፋተኛ ሆነች። የዋሸሁት እኔ ንጹሕ ሆንኩ። ዝምተኛዋን ከፎቁ አውርደው ልብስ ማጠቢያ ክፍል መደቧት። በደረጃው ስትወርድ ተገናኘን፤ ዐይኔን በጨው አጥቤ በርቺ አልኳት። በርቺ! አራት ቀን ዝም አልኩ። ምግቤን እበላለሁ፣ ከሰው ጋር እስቃለሁ፣ ልብስ ማጠቢያው ጋ ስደርስ ግን እግሬ ይፈጥናል።

በአምስተኛው ቀን ቁስሉ ሲታጠብ እማማ መርፌን በጎናቸው ደግፌ እንድይዝ ታዘዝኩ። እታለሜ፣ ጥልቀቱ የአውራ ጣት አንጓ ያህል ነበር። ኃላፊዋ የሞተውን ሥጋ እያነሳች በንጹሕ ጨዋማ ውሃ ስታጥብ አሮጊቷ የአልጋውን ብረት ጨብጠው ይዘዋል። ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ነው እስካሁን። ኃላፊዋ በዚያች ልጅ ተናዳ ስታማርር እማማ መርፌ ልጅቱን አትንኪያት፣ እኔ ነኝ ተዉኝ ያልኩ አሉ። ይህን ሲሉ ግን የሚያዩት እኔን ነበር።

ፋሻው ታስሮ እንዳለቀ ኃላፊዋን ተከትዬ ቢሮዋ ገባሁ። ቆሜ ነገርኳት። ስንት ቀን አለችኝ። ስድስት አልኳት። አልጮኸችም፤ ብትጮህ በወደድኩ። ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ቀይ እስክሪብቶ ሰጠችኝና የዋሸህበትን ሁሉ አንድ በአንድ በገዛ እጅህ ሰርዝ አለችኝ። ሰረዝኩ። ሃያ ሦስት ፊርማ። በስድስቱ ቀን ከደረሱኝ ሃያ አራት ተራዎች በእውነት የገለበጥኩት አንዴ ብቻ ነበር። ስጨርስ አሁን ሂድና ለባለቤቷ ንገር አለችኝ፤ የቁስሉን ባለቤት ማለቷ ነው።

እማማ መርፌ ግድግዳውን እያዩ አዳመጡኝ። አውቃለሁ አሉ። ሰዓቱን ስቆጥር ነው የምውለው፣ ሌላ ምን ሥራ አለኝ? ዝም ያልኩት ወድጄህ እንዳይመስልህ፤ ስትገለብጠኝ ስለሚያመኝ ነው። ሁለታችንም ሰነፍን። አንተ ግን ሰንፈህም ዋሸህ አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ከዚያ ልብስ ማጠቢያ ወረድኩ። ዝምተኛዋ አንሶላ ታጥፋለች። ይቅርታዬን ተንተባትቤ ጨረስኩ። አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችም፤ የአንሶላውን አንድ ጫፍ ወደ እኔ ዘርግታ ያዝልኝ አለች። ክምሩ እስኪያልቅ አብረን አጠፍን። ይቅር ብላኝ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ለመጠየቅም ድፍረቱ የለኝም።

ሁለት ሳምንት ከሥራ ታገድኩ። ማባረር ይችሉ ነበር። ስመለስ ዝምተኛዋ ወደ ቦታዋ ተመልሳ ነበርና በእሷ ሥር መደቡኝ፤ ሰው ማገላበጥን እንደ ገና ከእሷ ተማርኩ። ለካ ጠፍቶኝ የኖረ ብዙ ነበር። እኔ ሰው ስጎትት ነው የኖርኩት። እሷ አትጎትትም፤ ከሥራቸው ባለ አንሶላ ሁለት ሆነን ከፍ አድርገን እናነሳለን፤ መጎተት ቆዳ ይልጣል። ሙሉ በሙሉ በጎን አታስተኛም፤ ከጀርባ ትራስ አድርጋ ትንሽ ዘንበል ታደርጋቸዋለች። በጉልበትና በጉልበት መካከል አንድ ትራስ፣ ከባት ሥር ሌላ፣ ተረከዛቸው አየር ላይ እንዲሆን።

ይህን የምጽፍልሽ ለማስተማር አይደለም፤ የማስተምርበት ፊት የለኝም። ለአባባ ይጠቅም እንደሆነ ብቻ ነው። የእኛ ቆዳ ጠቆር ያለ ስለሆነ መቅላቱ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ በእጅሽ ጀርባ ዳሰስ አድርጊ፤ ከሌላው ቦታ የሞቀ፣ የጠነከረ ወይም ጠቆር ያለ ነገር ካገኘሽ በዚያ በኩል አታስተኚያቸው። አትሺው፤ ማሸት ያባብሰዋል። እንደ ቀለበት የተጠቀለለ ጨርቅም ከሥራቸው አታድርጊ፤ እኔው በዚያ ስልክ ያን መክሬሽ ነበር፤ ስህተት ነው፣ ዙሪያውን ደም ይከለክላል። ካረጠቡ ቶሎ ቀይሪላቸው። እንቁላል፣ ወተት፣ ምስር ባገኘሽ መጠን አብዪላቸው፤ ቁስል የሚሞላው ከውስጥ ነው። ቢሸት፣ መግል ቢይዝ፣ ትኩሳት ቢመጣ ግን ነገ አትበዪ፤ ጤና ጣቢያ ውሰጃቸው።

እማማ መርፌ በአየር የሚሞላ ፍራሽ ተደርጎላቸዋል፤ ፍራሹ ግን እኛን አያሳርፍም፣ መገላበጡ አልቀረም። ሁለት ጊዜ ትኩሳት ይዟቸው ያልቅላቸዋል ብዬ ሰግቼ ነበር። አሁን ቁስሉ ከሥሩ ቀይ ሥጋ እያበቀለ፣ አፉ ወደ ጥፍር ስፋት ጠብቧል። ስገለብጣቸው አሁንም ያማቸዋል፤ ተወኝ ግን አይሉም። አምስት ደቂቃ ካረፈድኩ የግድግዳውን ሰዓት ያያሉ። አንገቴን ደፍቼ ሥራዬን እሠራለሁ።

እታለሜ፣ አንቺ ብቻሽን፣ ያለ ነርስ፣ ያለ ፍራሽ፣ ቤት እየጠረግሽ ልጅ እያሳደግሽ አባባን አቆይተሻል። እኔ ለዚያ ብቻ ተቀጥሬ፣ አሥራ ስድስት ሰው በማይሞላ ፎቅ አንዲት አሮጊት አበላሸሁ። ያን ቀን ስድቤን ሁሉም እንደ ሰማ፣ ይህንንም ለሁሉም ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። አፍሬ ነው የምልሽ፤ አትዝለዪ፣ አታለስልሺ። በተለይ አባባ ይስሙ። ቁስላቸው እንዴት እንደሆነም ጻፊልኝ፤ ብሶም ከሆነ ደብቀሽ አታስደስቺኝ።

ለባለቤትሽ ሰላም በዪልኝ፤ አንሶላውን በአንድ ወገን የሚይዝልሽ እሱ ይሁን፣ ወንድ አይሠራውም የሚል ካለ እኔን ጥቀሺ። ትልቋ ልጅሽ በርትታ ታጥና፤ መካከለኛዋ ያቺ ተረበኛ ጥርሷ በቀለ ወይ? ትንሹን ጉንጩን ሳሚልኝ። አባባ ሲታመሙ ሌሊቱን ተራ ለገቡልሽ ለጎረቤታችን ሴትዮ ምስጋናዬን አድርሺ። ለአባባ ግን ሰላምታ አልክም። የሦስት ሳምንት ፈቃዴ ተፈቅዶልኛል፤ በመጪው ወር አጋማሽ እመጣለሁ። እነዚያን ሦስት ሳምንታት አባባን የማገላብጠው እኔ ነኝ። አንቺ ትተኛለሽ።

ጥፋተኛው ታናሽ ወንድምሽ

ከአረጋውያን ማረፊያው፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከሠራተኞች ክፍል
የካቲት ፱ ቀን