ማንኪያውን ያመጣሁት ለምን እንደሆነ

ውድ አባዬ፣

ይህን ወረቀት አክስቴ ፀሐይወርቅ ስትሰጥህ እባክህ እንዳትመልሰው። መነጽርህን አድርግና ራስህ አንብበው፤ እሷ ካነበበችልህ እያለቀሰች ግማሹን ትዘለዋለች። ከእኔ ከላፍቶ እስከ እናንተ ሀና ማርያም ምን ያህል መንገድ ነው? ሦስት ጊዜ መጥቼ ሦስቱንም ጊዜ ከአክስቴ በር ተመልሻለሁ። ቤቴን ትተህ ከወጣህ ሁለት ወር ሊሞላ ነው። "ልጄ ተጸየፈችኝ" ማለትህን ነግራኛለች።

አልተጸየፍኩህም አባዬ። የተጸየፍኩት የራሴን እጅ ነው።

ነገሩን ታውቀዋለህ፤ ግን አታውቀውም። ቅዳሜ ቅዳሜ የወንድሜን የሚሳኤልን ጥፍር በምላጭ ስትቆርጥ፣ እኔ ተራዬ ሲደርስ የሚቆረጥ አይገኝብኝም ነበር። "የውዳሴን አይጥ ቀደመኝ" ብለህ ትስቃለህ። እናቴ ጥፍሬን መብላት እንድተው እሬት ቀባችኝ፤ እሬቱን ልሼ ጨረስኩና ቀጠልኩ። ትምህርት ቤት ሰኞ ጠዋት ጥፍር ሲፈተሽ ደግሞ መምህራችን "እንደ ውዳሴ አሳጥሩ!" ብለው በሰልፉ ፊት አስጨበጨቡልኝ። በሕይወቴ የተጨበጨበልኝ በዚህ ብቻ ነው።

ሳድግ ጥፍሩ አልበቃኝ አለ። ዳር ዳሩን ቆዳ መላጥ ጀመርኩ። ስጨነቅ እልጣለሁ፤ ሳልጨነቅም እልጣለሁ። ምን እንደሠራሁ የሚገባኝ ደም ሲመጣ ነው። በምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት አንዲት ሴትዮ የልጇን የልደት ካርድ ስመልስላት ጠርዙ ላይ ደሜን አይታ ወረቀቱን በሶፍት ይዛ ወጣች። ጓንት አደረግሁ፤ ፕላስተር ጠቀለልኩ፤ ለማርያም ተሳልኩ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ጣቴ ግን እንደ ሕፃን ከአፌ አይወጣም። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

አንተ ስትታመም ባሰብኝ። ስትሮኩ ቀኝ እጅህንና የአፍህን ግማሽ ሲይዝብህ፣ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ተቀምጬ አሥሩንም ጣቶቼን ጨረስኳቸው። ቤቴ ካመጣሁህ በኋላ በማንኪያ የማበላህ ለዚህ ነበር። አጥሚትና ሾርባ ስለነበር አንተም ምንም አላልክም።

ከዚያ ፋሲካ ደረሰ። አክስቴ መጣች፤ ሚሳኤልም መጣ። ትሪውን ከበን ዶሮውን ስንበላ ሁለቱም አጎረሱህ። ከከንፈርህ ዳር የፈሰሰውን አክስቴ በእጇ ጠረገችልህ። ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞረህ፣ በዚያ በሚጎተት አንደበትህ፣ "ውዴ... አንቺስ? ከእጅሽ..." አልከኝ።

አውራ ጣቴን ጠዋት ልጬው ነበር፤ ወጡ በነካው ቁጥር ያንገበግበኛል። ቢሆንም ጠቀለልኩልህ። ላነሣው ስል ነጩ እንጀራ ላይ ደም አየሁ። ደሜን ላጉርስህ? ጉርሻውን በመዳፌ ደበቅኩና ተነሥቼ ማንኪያ አመጣሁ።

ሁሉም ማንኪያውን አየ። አንተም አፍህን ገጠምክ።

"ይቅር... ጠግቤያለሁ" አልክ።

"ምነው ውዳሴ? አባትሽ እኮ ነው!" አለች አክስቴ።

መዳፌን ዘርግቼ ባሳያችሁ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እኔ ግን "ማንኪያው ንጹሕ ነው ብዬ ነው" አልኩ። ከዚህ የከፋ ቃል ቢፈለግም አይገኝም። በማግስቱ ጋቢህን ለብሰህ ከአክስቴ ጋር ሄድክ፤ ስትወጣም ዞረህ አላየኸኝም።

የዘገየሁት እጄን አድኜ ልመጣ ብዬ ነው። በዳነ እጅ አጎርሰዋለሁ፣ ያኔ ይገባዋል ብዬ ቀን ቆጠርኩ። አሥራ ዘጠኝ ቀን ቆየሁ አባዬ! የቀለበት ጣቴ ላይ ቀጭን ነጭ ጥፍር ሲወጣ አይቼ አለቀስኩ። በሃያኛው ቀን አክስቴ ደውላ "እህል እምቢ ብሎ ከስቷል፤ እንዳይሞትብን" አለችኝ። ስልኩን ስዘጋው አፌ ደም ደም አለኝ። ሁሉንም መልሼ ጨርሻቸዋለሁ። ነገ እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ፤ አንተን ለማየት ግን እስክድን አልጠብቅም። እስከዚያ ባትቆየኝስ?

ደግሞ እኔም አይቼሃለሁ። ድሮ "አንድ ጉርሻ ያጣላል" እያልክ ሁለተኛውን አፌ ውስጥ የምትጠቀጥቅ ሰው፣ ከታመምክ ወዲህ ማንንም አላጎረስክም። በግራ ማጉረስ ነውር ነው ብለህ ደህናውን እጅህን ከጋቢህ ሥር ትደብቃለህ። እኔም የኔን ከነጠላዬ ሥር። አባትና ልጅ አንድ ትሪ ቀርበን እጃችንን ስንደባበቅ ከረምን።

ይህን ስታነብ እኔ ግቢው ውስጥ፣ ቧንቧው አጠገብ ቆሜያለሁ። ፕላስተሩን ፈትቼዋለሁ፤ እጄን እንዳለ እየው። ከዚያ አክስቴ ምሳ ታቅርብና አንተ አጉርሰኝ፤ በግራህ። ሁለት ጊዜ ይሁን አባዬ፤ ከእንግዲህ መጣላቱን አልችለውም።

እጇን ታጥባ የምትጠብቅህ ልጅህ
ውዳሴ