ካሜራው ወደ ግድግዳ ሲዞር

አባቷ፣

ከተለየኸኝ አሥር ወር አለፈ። ሰላምን ከወለድን ወዲህ በስምህ ጠርቼህ ስለማላውቅ፣ ደብዳቤ ላይም እጄ እምቢ አለኝ። ዛሬ የምነግርህ የሚያሳፍር ነገር ነው። የቅያሳችን ሰው ሁሉ ስላወቀው፣ ከሌላ ከምትሰማው ከራሴ ስማው ብዬ ነው። ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ማንም ሳይሞት፣ ኮልፌን በለቅሶ አናወጥኳት።

ከመጀመሪያው ልንገርህ። ሰላም ወልዳለች። ወንድ ነው። ግን ቸኮለ፤ በሰባት ወሩ መጣ። አሁን ጨቅላ ሕፃናት በሚታከሙበት ጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ ማሞቂያ ውስጥ ነው። ከእናቱ በቀር ማንም አይገባም። እሷ የምታድረው እዚያው ነው፤ ባሏም ከደጁ አይጠፋም። ቤት ውስጥ እኔና ያንተ ወንበር ቀረን።

ሆስፒታሉ ከማሞቂያው በላይ ካሜራ ሰቅሎ፣ ቤተሰብ በስልኩ እንዲያይ ፈቅዷል። ሰላም ስልኬ ላይ አስገባችልኝ። ድምፅ የለውም። እኔ ግን አወራዋለሁ፤ ሌላ የማወራው ማን አለኝ? ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፌ ቁርሴን ከእሱ ጋር እበላለሁ። ያቺ ሚጢጢ ደረቱ ከፍ ዝቅ ስትል ሳላውቀው አብሬው እተነፍሳለሁ።

ቅዳሜ ምስር እየለቀምኩ ሳየው፣ ጓንት ያጠለቀ እጅ መጣና ስልኩ ላይ ነጭ ግድግዳ ብቻ ቀረ። ጠበቅሁ። አሁንም ግድግዳ። ምስሩ ከጭኔ ላይ ተደፋ፤ «ወየው ልጄን!» ብዬ ጮህኩ። ጎረቤታችን ዘነበች በአንድ እግሯ ጫማ ደረሰች። ማን እንደሞተ የጠየቀ የለም፤ ሴቱ ሁሉ ነጠላውን ዘቅዝቆ ገባ። የእድራችን ዳኛማ ድንኳኑ በራችን ላይ ይበቃ እንደሆነ በእርምጃው ይለካ ጀመር።

ስልኩን ያነሳችው ዘነበች ናት። «አንቺ! ልጁ እኮ እያዛጋ ነው!»

ለካ ነርሷ ዳይፐር ልትቀይርለት ካሜራውን አዙራው ኖሯል። «ለዳይፐር ሙሾ ሲወርድ ዛሬ አየሁ» እያለች ዘነበች እስካሁን ትስቅብኛለች። ዳኛውም ሲወጣ «ለሚቀጥለው ደውለሽ አረጋግጪ» አለኝ።

ሰዉ ስቆ ሲበተን ቤቱ መልሶ ጭር አለ። ምስሩን ከወለሉ ላይ ስለቅም ነው የገባኝ። ያ ጩኸት የልጁ አልነበረም።

የመጨረሻዋ ቀን ሆስፒታል በመስታወቱ በኩል ሳይህ፣ ነርሷ መጋረጃውን ሳበችው። አንሶላ ሊቀይሩልህ መሰለኝ። የአጥሚቱን ፔርሙስ ታቅፌ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ማልቀስ በሚገባኝ ሰዓት አጥሚቱ እንዳይቀዘቅዝብህ እያሰብኩ ነበር፣ አባቷ። ያንተን ጩኸት ነው ቅዳሜ የጮህኩት።

ሰላም የተወለደች ጊዜ አይገባም ተብለህ ግቢው ውስጥ ስትቆም፣ እኔ ከሁለተኛ ፎቅ መስኮት አቅፌ አሳየሁህ። ከዚያ ርቀት ጨርቅ እንጂ ልጅ አይታይም። አንተ ግን ባርኔጣህን እያውለበለብክ «አፍንጫዋ የኔ ነው!» ብለህ ጮህክ፤ ጠያቂው ሁሉ ሳቀ። ያንን መስኮት እስካለሁ አልረሳውም። የዚህኛው አፍንጫ በቱቦና በፕላስተር ተሸፍኗል፤ የማን እንደሆነ ገና አላየሁም። ሐኪሞቹም አፋቸውን ሞልተው ይተርፋል አላሉም።

ሰላም ጉዴን ለነርሷ ነግራታለች። ከዚያ ወዲህ ያቺ ልጅ ካሜራውን ከማዞሯ በፊት መዳፏን ወደ እኔ ታነሳለች፤ ቆይ፣ እመለሳለሁ እንደማለት። ያንተ መጋረጃ ሲሳብ እንዲህ እጁን ያነሳልኝ አልነበረም።

ይህን ስጽፍልህ ስልኩ ላይ ያለው ግድግዳው ነው። ዛሬ ቱቦውን አንስተው በራሱ ይተነፍስ እንደሆነ ሊሞክሩት ነው፤ ሰላም ጠዋት ነግራኛለች። ነርሷ መዳፏን አሳይታኛለች። ከወትሮው ቆየች። ቢሆንም አልጮህም። ባርኔጣህን ከተሰቀለበት አውርጄ ጭኔ ላይ አድርጌዋለሁ። ካሜራው ሲመለስ፣ አፍንጫው የማን እንደሆነ ከማንም በፊት ለአንተ እነግርሃለሁ።