ትልቅ ሰዓት ያላት ትንሽ መኪና

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ ለእትዬ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? ደረጃ ሲወጡ አሁንም ያስቸግርዎታል ወይስ ሐኪሙ ያዘዘልዎ እንቅስቃሴ ትንሽ ለውጥ አመጣ? ጋሼስ እንዴት ናቸው፤ ደም ግፊታቸው ረገብ አለላቸው ወይ? ጨው ቀንሱ ተብለው ሳለ እርስዎ ዞር ሲሉ ብልቃጡን እንደሚያነሡ ሰምቻለሁ። ልጆቹስ? ሕፃኗስ ጥርስ አወጣች? እኛ ደኅና ነን ብዬ መጀመር ነበረብኝ። እኔና ልጄ በእርግጥም ደኅና ነን። ስለ ወንድምዎ ግን ደኅና ነው ብዬ ልጻፍ ብል እጄ አይታዘዝልኝም።

እንዳይደነግጡብኝ፤ ይሠራል፣ ይበላል፣ እንደ ወትሮው ይጨቀጭቀኛል። የምጽፍልዎ ስለ ዓይኑ ነው። ለእርስዎ እንዳልነግር አስምሎኛል፤ እኔም ምዬለታለሁ። ይኸው አሁን መሐላዬን የማፈርሰው መኪናችን ውስጥ ተቀምጬ፣ ወረቀቱን መሪው ላይ አስደግፌ ነው። ቤት ውስጥ ብጽፍ ምንድን ነው እሱ ብሎ ይመጣብኛል። በስልክ እንዳልነግርዎ ደግሞ ድምፅዎን ስሰማ ማልቀሴ አይቀርም፤ እኔ ሳለቅስ እርስዎም ያለቅሳሉ፤ ዋናው ነገር ሳይነገር ካርዱ ያልቃል። ፈርቻለሁ እትዬ። ወደዚህ አገር ከመጣን ጀምሮ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

መኪናዋን በፎቶ አይተዋታል። ያኔ ደውለው፣ «ምነው ልጄ፣ ይህን ያህል ቸገራችሁ? ከአያቶቻችን ዘመን የተረፈ መኪና ነው የገዛችሁት?» ብለው ሲያዝኑልን በሳቅ ሞተን ነበር። አሮጌ እኮ አይደለችም፤ ከተሠራች ገና ሁለት ዓመቷ ነው። ሆን ብለው ነው የድሮ መኪና ያስመሰሏት፤ ክብ ክብ መብራት፣ እንደ ሕፃን ጉንጭ ያበጠ ጎን፣ ነጭ ጣሪያ፣ አረንጓዴ ሆድ። ልጄ ድቡልቡሊት ብላ ስም አውጥታላታለች።

እኔን የገረመኝ ሌላ ነገር ነበር። የሄድነው ለወንድምዎ ሥራ የምትሆን መኪና ልንገዛ ነው። ቀለም ቀቢ ደግሞ መሰላል አለው፣ ባልዲ አለው፣ እንደ ብርድ ልብስ የሚጠቀለል የወለል ላስቲክ አለው። ሻጩ ጀርባቸው ረጃጅም የሆኑትን እያዞረ አሳየን። ወንድምዎ በእያንዳንዱ ይገባል፣ ሞተሩን ያስነሣል፣ ፊት ለፊቱን ያያል፣ ይወርዳል። ድቡልቡሊት ውስጥ ሲገባ ግን መሪውን ይዞ ቁጭ አለና አልወርድም አለ። «ይቺ ናት» አለ። «መሰላሉስ?» ስለው፣ «መሰላል እዚያው ሥራ ቦታ ይቀመጣል» አለኝ። ሻጩ ራሱ ምን ነካው በሚል ዓይን አየኝ። በዚህ ዕድሜው ቅብጠት መጣበት ብዬ ሁለት ቀን አኮረፍኩት።

ምልክቱ ከዚያም በፊት ነበረ፤ አላስተዋልኩትም እንጂ። ወንድምዎ የቀባው ግድግዳ ላይ ጣት የምታህል ጉድለት እንደማትገኝ ያውቃሉ። ባለፈው ዓመት አንድ ረጅም ኮሪደር ቀብቶ ጨረስኩ ብሎ ብሩሹን አጠበ። ለካ ከበሩ አጠገብ ከላይ እስከ ታች ክንድ የሚያህል ስፋት ሳይቀባ ቀርቷል። አሠሪው ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ እሱም አብሮ ሳቀ፤ ቤት መጥቶ ሲነግረኝ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ደግሞ «ከየት መጣ?» የምትል ቃል ለመደ። ክፍት የቁም ሳጥን በር ግንባሩን ይመታውና ከየት መጣ ይላል። የልጃችን ቦርሳ ያደናቅፈውና ከየት መጣ ይላል። እኔ ሐሳብ በዛበት እያልኩ ነበር።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ካፊያ እያካፋ፣ ልጃችንን ከትምህርት ቤት ይዘን ስንመለስ ወደ ቀኝ ሊታጠፍ ፍሬቻ አሳየ። እግረኛ ማቋረጫው ላይ አንዲት ሴት እየተሻገረች ነበር። ቢጫ የዝናብ ልብስ ለብሳለች፤ ከሩቅ የሚታይ ቢጫ። አይቷታል ብዬ ዝም አልኩ። እሱ ግን ይታጠፋል። ልጄ ከኋላ «አባዬ፣ ሰው!» ብላ ጮኸች። ፍሬኑን ሲረግጥ የሴትዮዋ ልብስ ጫፍ ኮፈኑን ነክቶት ነበር። አልተሳደበችም። መዳፏን ኮፈኑ ላይ አድርጋ ቆመች፤ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ወንድምዎ ፊቱ አመድ መስሎ፣ «ከየት መጣች?» አለኝ።

ከየትም አልመጣችም እትዬ። ከወዲያ ማዶ ጀምራ ቀስ ብላ ስትራመድ እኔ እያየኋት ነበር። ዓይኑን የጠረጠርኩት ያኔ ነው።

ቤት እንደገባን ቁልፉን አንሥቼ ደረቴ ውስጥ ሸጎጥኩት። አምጪ አለ፤ አልሰጥም አልኩ። ጮኸ፤ ዓይኔን በጨው አጥቤ እኔም ጮኽኩ። ሦስት ቀን አልተነጋገርንም። በአራተኛው ቀን ሽንኩርት ስልጥ ወጥ ቤት ገብቶ በርጩማው ላይ ተቀመጠና ሳልጠይቀው መናገር ጀመረ። የሌሎቹ መኪኖች ፍጥነት የሚታየው መስታወት ላይ በምትበራ ትንሽ ቁጥር ነው አለኝ። ቁጥሯን ስፈልግ መንገዱ ይጠፋብኛል፤ መንገዱን ሳገኝ ቁጥሯ ትጠፋለች። የዚችን ግን መፈለግ የለብኝም፤ ሳህን የሚያክል ክብ የፍጥነት ሰዓት ነው፣ ፊቱ ነጭ፣ ቁጥሩ ጥቁር፣ ቀስቱ ቀይ፤ ራሱ ይታየኛል አለ። እኔ ቅብጠት ያልኩት ለካ ዓይኑ የቻለውን መምረጡ ነበር። አንጀቴን በላው። ወዲያው ደግሞ ደሜ ፈላ፤ ልጄን ከኋላ አስቀምጦ ነው እኮ አምስት ወር ሙሉ የነዳው!

ዓይን ሐኪም እንሂድ ስለው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ስነዘንዘው፣ «አንቺ ከነዳሽ እሄዳለሁ» አለኝ። እንደማልደፍር ስለሚያውቅ ነው። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ አራት ዓመቴ ነው፤ ከፈተናው ቀን ወዲህ ግን መሪ ነክቼ አላውቅም። እግሬ የሚያውቀው የስፌት መኪናዬን ፔዳል ብቻ ነው፤ እሱ ላይ ቢሳሳቱ የሚበጠሰው ክር ነው። እሺ አልኩት።

ያን ጠዋት ምን ልበልዎ። ወንበሩን ወደ ፊት ስቤ ስቤ አፍንጫዬ መስታወቱን ሊነካ ደረሰ። እጄ መሪው ላይ በላብ ይንሸራተታል። የሚያልፈው ሁሉ እኔ ላይ የሚመጣ ይመስለኛል። የዚች መኪና ጉድ ደግሞ ሰው ሁሉ ይወዳታል። እኔ ነፍሴ ልትወጣ፣ ከአጠገቤ ያሉት ፈገግ ይሉልኛል፣ እጃቸውን ያወዛውዙልኛል። መብራት ላይ አንድ ሽማግሌ መስኮታቸውን ዝቅ አድርገው የስንት ዓመተ ምሕረት ሥሪት ናት ብለው ጠየቁኝ። እኔ የራሴንም የልደት ዓመት አላስታውስም ነበር። ወንድምዎ ጋቢና ተቀምጦ የበሩን እጀታ ጨብጦ፣ ቀኝሽን እይ፣ ስፖኪዮሽን እይ ይለኛል። ማን ማንን እይ እንደሚል ይታይዎ!

አደባባዩ መሐል ላይ ሞተሩ ጠፋብኝ። ክላክሱ ከአራቱም አቅጣጫ ወረደብኝ። ቁልፉን ሳዞረው ተንፈራግጣ መልሳ ጠፋች። እዚያው ማልቀስ ጀመርኩ። ወንድምዎ ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ እጁን እጄ ላይ አደረገና፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርገሽ ልቀቂ፣ ስስ ጨርቅ እንደምትሰፊ አለኝ። ተነሣች። እንዴት እንደደረስን አልነግርዎትም፤ እኔም አላውቅም።

ሐኪሟ ዝግ ብላ የምትናገር ሴት ናት። አገጩን መሣሪያ ላይ አስደግፋ፣ ብርሃን ብልጭ ባለ ቁጥር ቁልፍ ተጫን አለችው። እኔ ከኋላው ቆሜ ብልጭታውን አያለሁ። በግራ ብልጭ ይላል፣ አይጫንም። በቀኝ ብልጭ ይላል፣ አይጫንም። ተጫን ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። ሲያልቅ የወጣው ወረቀት ዙሪያውን ጥቁር ነው፤ መሐል ላይ ብቻ ትንሽ ነጭ አለ።

ከዚያ ከቤተሰብ ዓይኑ የጠፋ ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀችው። የለም አላት። አፌን በእጄ ያዝኩ። አባትህስ ስለው፣ የአባቴ በሽታ አይደለም፣ በያጅ ነበር፣ ዓይኑን ያጠፋው የብየዳው እሳት ነው አለ። አልዋሸም፤ ይህ ቤታችሁ ሁሉ የሚያውቀው ነው። አባታችሁ ወንድ ልጄ ብየዳ እንዳይነካ ብለው እሱን ለቀለም ቀቢ የሰጡት ለዚሁ አይደል? ዓይኑን ለማዳን ብሎ ሠላሳ ዓመት ብሩሽ ይዞ ኖረ። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና፣ በአንድ ጊዜ ነው የጠፋባቸው ወይስ ቀስ በቀስ፣ ከዳር ጀምሮ አለች። መልሱን የሰጠኋት እኔ ነኝ፤ እርስዎ ያወሩኝን። መጀመሪያ የበር መቃን ትከሻቸውን ይመታቸው እንደነበር፣ ኋላም በቁልፍ ቀዳዳ የማይ መሰለኝ ይሉ እንደነበር ነገርኳት።

ብየዳ እንዲህ አያደርግም አለች። የዓይን ግፊት ነው፣ ከወላጅ ወደ ልጅ ይወርዳል፣ አያምም፣ ዳር ዳሩን ስለሚበላ ሰውየው ራሱ አያውቅም አለች። የጠፋው አይመለስም። የቀረውን ግን በየቀኑ በሚደረግ ጠብታ ማቆየት ይቻላል። መንዳት ከእንግዲህ የለም። ወንድምዎ ስለ ሥራው ሲጠይቃት፣ ግድግዳ ከቦታው አይነሣም፣ ጊዜ ወስደህ ቀባ አለችው፤ እሱም ትንሽ ሳቀ። እህት ወንድም አለህ ወይ ስትለው ግን ሳቁ ቆመ። አንዲት ታላቅ እህት አለችኝ አላት። ሳትውል ሳታድር ትመርመር፣ ልጅህንም አምጣት አለች።

ልጃችን ትናንት ተመርምራለች፤ ለጊዜው ነፃ ናት፣ በየዓመቱ ትታያለች። እርስዎን በተመለከተ ግን ወንድምዎ እጄን ይዞ አስማለኝ። «እትዬ ልጅነቷን የጨረሰችው አባታችንን እጁን ይዛ ስትመራ ነው፤ ደግሞ የኔን አትስማ» አለኝ። ቀስ ብሎ ራሱ ሊነግርዎ ነው ሐሳቡ። ቀስ ብሎ ሲል ስንት ወር እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። ለዚህ ነው መሐላዬን ያልጠበቅሁት።

እትዬ፣ ይህችን ረጋ ብለው ያንብቡልኝ። ባለፈው ወር ሲደውሉ ጎረቤትዎ እንደተቀየመችዎ ነግረውኝ ነበር። በአጠገቧ አልፈው ሰላም ሳይሏት ቀሩ ተብሎ፣ ኮራች ብላ ለሰው አውርታ፣ እርስዎም ሆድ ብሶዎት ነበር። «መንገድ ላይ አልነበረችም፤ ከየት መጥታ ነው?» አሉኝ። እኔም እርስዎን ደግፌ ሴትዮዋን ሰደብኳት። ከሐኪም ቤት ከተመለስን ወዲህ ይህ ንግግርዎ ከጆሮዬ አልወጣም። ምናልባት ምንም ላይሆን ይችላል፤ ምንም ባይሆን እንደ ጅል ይሳቁብኝ። ግን በየት በኩል ነበር የቆመችው? አያመኝም እኮ አይበሉኝ፤ እሱንም አላመመውም። ሩቅ አጠራለሁ አይበሉኝ፤ እሱም ያጠራል። ብየዳ ነክቼ አላውቅም አይበሉኝ። ይህ ወረቀት በእጅዎ እንዳለ ትልቁን ልጅዎን ይጥሩትና ዓይን ሐኪም ዘንድ ይውሰድዎ።

ለጋሼ እጅ ነሥቻለሁ፤ ጨዋቸውን ይተዉልኝ። ለትልቁ ልጅዎ ሰላምታዬ ይድረሰው፤ እናቱን ካልወሰደ እኔ የማልፈራ ሹፌር ሆኛለሁና እመጣበታለሁ። ምራትዎን ይሳሙልኝ፤ ዕቃ ትሰውርብኛለች ብለውኝ ነበር፤ ሰውራ ላይሆን ይችላልና ያጡትን ዕቃ አብራዎ ትፈልግ። ሕፃኗን ጉንጯን ይሳሙልኝ። ለጎረቤትዎም ሰላም ይበሉልኝ፤ ዛሬውኑ ቤቷ ይሂዱና ኮርቼ አይደለም፣ አላየሁሽም ነበር ይበሏት።

የወንድምዎ ሚስት

ከመኪናዋ ውስጥ፣ ከቤታችን በታች ካለው ማቆሚያ
ቅዳሜ፣ ኅዳር 13 ቀን