ነጭ ኩታ፣ ሕያው ዋስ፣ ደስ ያለው ፊት

መስከረም ፳፱ ቀን ፲፱፻፳፮ ዓ.ም.

ለተከበሩ ቀኛዝማች ቦጋለ፣
የበዓሉ ትያትር አዛዥ፣
ሶዶ።

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ ከበርዎ አጠገብ ማመልከቻ እየጻፍሁ የምኖረው ታናሽዎ፣ ከትንሽ የልብ ሕመም በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። በከተማችን ትያትር እንዲታይ በማሰብዎ፣ ትያትር ምን እንደ ሆነ አይተን የማናውቀው ሁሉ እጅ ነሥተናል። በተለይም ለመመረጥ የሚመጣ ወጣት ምን ምን ይዞ እንዲቀርብ በአዋጅ ስላስነገሩልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ጥሩ ድምፅ ብቻ የሚበቃ መስሎን ተሳስተን ነበርና። ጥቂት ቅሬታ ስላለችኝ ግን በቁጥር ላቅርብ።

፩ኛ፤ ተመራጩ የታጠበ ነጭ ኩታ ለብሶ ይምጣ ተብሏል። የቤሌ መንደር ልጅ ጩማ ጦና ያለችውን አንድ ኩታ ወንዝ ወርዶ አጥቦ፣ እስክትደርቅ ቁጥቋጦ ውስጥ ራቁቱን ተቀምጦ ነው የመጣው። በትያትሩ የሚፈለገው አባቱ ጦር ሜዳ የሞተበትን ልጅ ሆኖ እንዲያለቅስ ነበር። ቃሉን ደጄ ላይ ሲያጠና የሰሙት ጎረቤቴ ወይዘሮ ይመኙሻል፣ የማን መርዶ ነው እያሉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ።

፪ኛ፤ ወጣቱ ተመርጦ እንዳይኮበልል ሕያው ዋስ በአካል ይዞ ይቅረብ ተብሏል። ጩማ በከተማው ዘመድ ስለሌለው፣ አባትህን አምጣ ብዬ የመከርሁት እኔ ነኝ፤ ይህንን በማንም አላሳብብም። ሽማግሌው ንዳድ ይዟቸው ሳለ፣ በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው ሁለት ቀን ተጉዘው ደረሱ። ጸሐፊዎ አቶ ሰብስቤ ነገ ኑ አሏቸው፤ በነገውም ነገ ኑ አሏቸው፤ በሦስተኛውም እንዲሁ። ዝናቡን ያሳለፉት ከአጥርዎ ሥር መሆኑን የማነሣው ለማስታወስ ያህል እንጂ ለመውቀስ አይደለም። በአራተኛው ቀን ለአቶ ጦና አልነጋላቸውም።

፫ኛ፤ ጩማ አባቱን በቃሬዛ ወስዶ ቤሌ ቀብሮ፣ ከል ለብሶ፣ ፊቱን ነጭቶ ተመለሰ። አባቴ የደከመበት ነገር እንዲሁ አይቅር ብሎ ነበር የተመለሰው። አቶ ሰብስቤም መዝገባቸውን ገልጠው፣ ኩታው ነጭ አለመሆኑን፣ ዋሱም በሕይወት አለመኖሩን ካረጋገጡ በኋላ፣ «ሐዘንተኛ አንቀበልም፤ ፊትህ ደስ ሲለው ና» አሉት። የሚያለቅስ ልጅ ለሚፈለግበት ቦታ ማለታቸው ነው። ጩማ እጅ ነሥቶ ወጣ። ያንን ያጠናውን ቃል ዳግመኛ ከአፉ አልሰማሁትም።

፬ኛ ቅሬታም ነበረችኝ፤ ስለ ተመልካች መቀመጫ ነበረች፤ ትቼያታለሁ።

እንግዲህ ሥርዓትዎ ሕያዋንንም ሙታንንም ሳያዳላ እንደ ጸና ይኖር ዘንድ እየተመኘሁ፣ ለገበያው ሰው ሁሉ ይነበብ ዘንድ ግልባጩን ዋርካው ላይ ለጥፌ፣ መሬት ስሜ የምሰናበትዎ፣

ታዛዥዎ
ጉልላት ወልደመስቀል

ከፊርማዬ በኋላ የደረሰኝ፦ ቦታው የተሰጠው የአቶ ሰብስቤ የእኅት ልጅ እንባ እምቢ ስላለው፣ ጩማ መጥቶ ለቅሶ እንዲያስተምረው ሰው ወደ ቤሌ ተልኮ ነበር። ጩማ አልመጣም። የላከው ቃል «ልጁ ማልቀስ ባያውቅ አይፈረድበትም፤ አባቱን ያቆይለት» የሚል ብቻ ነው።