ምቱ የእማዬ ነው

አባዬ፣

ከተለያየን ሁለተኛው ገና አለፈ። ነፍስህን ይማር ብዬ ብጀምር ደስ ባለኝ፤ ዛሬ ግን ተናድጃለሁ፣ የተናደድኩትም ባንተ ነው። ሰው ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ይላል። እኔን ያድርገኝ። በሕይወት ሳለህ ማን ደፍሮ ይወቅስህ ነበር?

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። የጓሮው በር ወልቆ ነበር፣ አሠራሁት። በቅሎህን ጌዶ ገበያ ወስደን ሸጥናት፤ ካንተ ወዲያ ጨው የሚነግድ ሰው ቤታችን ውስጥ የለም። እኔ እዚያው አውራጃ ግዛት ጽሕፈት ቤት ነኝ፤ ወረቀቱ ላይ የከተማችንን ስም በመንግሥት አጠራር ሀገረ ሕይወት እያልኩ ስጽፍ እውልና ማታ ወደ አምቦ ቤቴ እገባለሁ። እማዬ ጥቁሯን እስካሁን አላወለቀችም። ወንበርህ ላይ ማንንም አታስቀምጥም፤ እንግዳ ሲበዛ እሷ መሬት ትቀመጣለች እንጂ ወንበሩ ባዶውን ይውላል።

ያናደደኝ ነገር ከገና ሜዳ የመጣ ነው። አምና ሐዘን ላይ ስለነበርን አልወጣሁም። ዘንድሮ የታች ሰፈር ሽማግሌዎች ቤት ድረስ መጥተው የአባትህ ቦታ ባዶ አይሁን አሉኝ። ዱላህን ከግድግዳ አወረድኩ።

አንተ ረጅም ነበርክ። ዱላውን ከትከሻህ በላይ ሰቅለህ፣ ጀርባህን ለጥጠህ ስታወርደው እንጨቷ ሩር ሁሉቃ ወንዝን ተሻግራ የምትሄድ ይመስል ነበር። እውነቱን እናገራለሁ፣ እንደዚያ ያለ ምት አላየሁም። ግን ላንተ ቁመት የተፈጠረ ነው። እኔ የእማዬን ወገን ወጣሁ፤ አጭርና ወገበ ሰፊ ነኝ። እንዳንተ በሰቀልኩ ቁጥር እግሬ ይከዳኛል፣ ወይ መሬቱን እደበድባለሁ ወይ አየሩን። አንተ ደግሞ ክንዴን ይዘህ ከፍ፣ አሁንም ከፍ ትለኛለህ። ምት ማለት ይሄ ብቻ ነው ትል ነበር። አንድ ዓመት ሩሯን ስስት፣ ሰፈር በሞላበት ሜዳ ሴት ያሳደገው ብለህ ሰደብከኝ። እማዬ ዳር ላይ ከሴቶቹ ጋር ቆማ ሰማች። ያሳደገችኝ ሴት እኮ እሷ ነበረች። አንተማ ጌዶ መንገድ ላይ ነበርክ።

ካረፍክ በኋላ አንድ ቀን እማዬ የልብስ እጣቢ ስትደፋ ቆሜ አየኋት። ሳፋውን ዝቅ አድርጋ ይዛ፣ እግሯን ከፈት አድርጋ ተክላ፣ ወገቧን ዞር አድርጋ ለቀቀችው። ውሃው አጥሩን ተሻገረ። ክንዷ ምንም አልለፋም። ከልጅነቴ ጀምሮ ያየሁት ነገር ነው፤ ያን ቀን ግን ወገቧ የእኔው ወገብ መሆኑ ገባኝ። ዱላ ይዤ ጓሮ ገባሁና እንደሷ ሞከርኩት፤ ዝቅ ብዬ፣ በአጭሩ፣ ከወገቤ። ሰውነቴ ይህን ሲለምነኝ ኖሯል። ያን ሁሉ ዘመን የከለከልከኝ ይህንን ነው፣ አባዬ።

ዘንድሮ ሜዳ ስገባ መጀመሪያ ይሉኝታ ይዞኝ ባንተ ምት ሞከርኩ። ሳትኩ፣ የላይ ሰፈሮች ሳቁ። በቃ ብዬ ዝቅ አልኩና በራሴ መታሁ። ሩሯ በሰው እግር መሀል ሰንጥቃ ድንበራቸውን አለፈች። ወዲያው ጎረቤታችን ኦቦ ቶሎሳ፣ ግጥም አውጪው፣ የአባቱ ክንድ አልሞተም ብለው ዘፈን አነሱ፤ ሜዳው በሙሉ ተቀበላቸው። ያገሩ ልማድ ነው፣ ሩር ያገባ ሰው በአባቱ ስም ይሞገሳል። እኔ ግን ደሜ ፈላ። እጄን አንስቼ ዘፈኑን አስቆምኩና ይህን ምት የሰጠችኝ እናቴ ናት፣ አዎ፣ ሴት ያሳደገችኝ ነኝ አልኩ። ሜዳው በሙሉ ሳቀ። ኦቦ ቶሎሳ ትከሻዬን ይዘው ተው ያ ጉርባ፣ ተው አንተ ልጅ፣ ሟች እንዲህ አይደረግም አሉኝ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል። እኔ ጌታ አይደለሁም፣ ዱላህን ጥዬ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል። እማዬ ደስ ይላታል ብዬ ነበር። እሷ ግን የአባትህን ስም ባደባባይ ለምን አሳነስክ ብላ ወረደችብኝ። እንዲያ ላዋረዳት ሰው ስትሟገት ሰምቼ የባሰውን ተናደድኩ። ራቴን አቅርባ አኩርፋ ጓዳ ገባች። ትንሽ ቆይታ ከዚያው ከጓዳ ሆና፣ ፊቷን ሳታሳየኝ፣ ለመሆኑ ሩሯ ሩቅ ሄደች ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እስከ ድንበሩ ማዶ አልኳት።  ያን አጠያየቋን አንተ ብትሰማው ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር።

ዱላህን ልከው መልሰውልኛል፤ ቦታው ላይ ሰቅዬዋለሁ። አልረሳህም፣ አባዬ። ያን ረጅም ምትህን እንዳየሁት አድርጌ አስታውሰዋለሁ፤ ልጆች ስወልድም ያ የአያታችሁ ነበር ብዬ እነግራቸዋለሁ። ስለ እኔ ምት ሲጠይቁኝ ግን የምጠራው ያንተን ስም አይደለም። አንተ እድሜህን ሙሉ አንቺ እያልክ ነበር የምትጠራት፤ ከአፍህ ስሟ ሲወጣ አንድም ቀን አልሰማሁም። አስካለ ነው ስሟ።

ልጅህ