በስድስቱ ምቶች መካከል

ማክሰኞ

አሁን ማምለጫ የለኝም። አርብ ክፍል ፊት ቆሜ አምስት ደቂቃ እናገራለሁ፣ በዕጣ ስለደረሰኝ አንድ የፊንላንድ ሙዚቃ ደራሲ። ባለፈው ሆዴን አመመኝ ብዬ ቀርቻለሁ። ዛሬ መምህሯ ቀስ ብላ፣ «አርብም ከቀረሽ ትምህርቱን ትደግሚዋለሽ» አለችኝ።

ከሴንት አልባንስ ባቡር ጣቢያ እስከ ቤት በአውቶቡስ ሙዚቃውን ሰማሁት። ቁርጥራጭ ዜማ ነው። አንዱ መሣሪያ ይጀምርና ይተወዋል፣ ሌላው ትንሽ ያነሳዋል። ልዘጋው ስል ቁርጥራጮቹ ተያያዙ። ፀጉሬ ቆመ። መውረጃዬን አለፍኩ።

ረቡዕ

የጻፍኩት፦ ጫካ ውስጥ፣ ሐይቅ አጠገብ ይኖር ነበር። ትልልቅ ነጭ ወፎች ሲበሩ አይቶ ዜማ አገኘ። ሲሸመግል አንድ ሥራውን እሳት ውስጥ ጨመረው።

እማ የሥራ ሺፍቷን ጨርሳ ሽንኩርት ስትከትፍ አነበብኩላት። በየዓረፍተ ነገሩ «እሺ» ትላለች።

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«እስኪሞት ድረስ ሠላሳ ዓመት ያህል አዲስ ትልቅ ሥራ አላወጣም። ዝም አለ።»

ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ያንቺ ዘመድ ነው በይኛ።»

ሳቅኩ። ከእሷ ጋር አፌ ይፈታል።

ሐሙስ

ምሳ አልበላሁም። ከእማ ጋር ሦስት ጊዜ ተለማመድን። መጨረሻ ላይ የማሰማው የአንዱን ሲምፎኒ መዝጊያ ነው፦ ኦርኬስትራው ስድስት ጊዜ ይመታል፣ በየመሀሉ ጸጥ ይላል።

ከመጀመሪያው ምት በኋላ እማ «አለቀ?» አለች። ከሁለተኛውም በኋላ። በሦስተኛው፣ «ሰውዬው ይቀልዳል እንዴ?»

አርብ

የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ተናግሬ ጠበቅሁ። ማንም ምንም አላለም። ሁለተኛውን አልኩ። ጸጥታ። ሁሉም ያዩኛል። አልወደዱትም ብዬ ቆምኩ። ለካ «እሺ» እስኪሉኝ ነው የምጠብቀው። እዚህ ፈረንጅ አገር ሰው የሚያዳምጠው ዝም ብሎ ነው።

ከኋላ አንዱ የጨረስኩ መስሎት አጨበጨበ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። ወረቀቴን ሰብስቤ መቀመጥ እችል ነበር። በሩም ቅርብ ነበር።

«አላለቀም» አልኩ። ድምፄ ቀጭን ነበር፣ ግን ተሰማ።

ቀጠልኩ። «እሺ»ውን በሆዴ እያልኩ እስከ ሠላሳ ዓመቱ ዝምታ ደረስኩ። የሲምፎኒውን መዝጊያ ከፈትኩት። ከመጀመሪያው ምት በኋላ ሁሉም «እናጨብጭብ?» በሚል ዓይን አዩኝ። በጣቴ ገና ነው አልኳቸው። እስከ ስድስተኛው ማንም አልተንቀሳቀሰም። እኔን ይጠብቁ ነበር።

አምስት ደቂቃ መሙላቱን አላውቅም። መምህሯ የጻፈችውንም አላየሁም። ውጤት ሰኞ ነው።

እማ ከሥራ ቦታ ደወለች። ገና አፌን ሳልከፍት፣ «እሺ» አለች።