ባለቤቱ የማይታወቅ ሽጉጥ

ጋሼ ቀናው፣

ቱሉ ዲምቱ፣ እትዬ ብዙወርቅ ጋ ሄጃለሁ። ሽሮው ድስቱ ውስጥ ነው፣ ያሙቁት።
የወረዳ ሰዎች ከመጡ የሽጉጦቹ ፈቃድ ቴሌቪዥኑ ሥር አለ።

ጡረተኞቹ ወታደሮች ለማስታወሻ የሰጡዎትን ሽጉጦች ሁሉ ዘይት ቀብቼ በጨርቅ ጠቅልያለሁ። የሻምበል ሰቦቃን ሽጉጥ ግን እንደ ድስት በአመድ ስፈትገው የተጻፈበት ቁጥር ጠፋ። አውቄ አይደለም። ይቅርታ።

በየሽጉጡ ላይ የባለቤቱን ስም በወረቀት ጽፈው ያስራሉ። የአባዬ ላይ ብቻ «ባለቤቱ አይታወቅም» ብለዋል። ትናንት ለእንግዶችዎ ሲያነቡት ሻይ ይዤ ቆሜ ነበር።
አይታወቅም?
የገዛ ወንድምዎ?
እሺ፣ አረቄ ነው የገደለው። ሲዘምት ግን ሰክሮ አልነበረም።

ወረቀቱን ቀድጄዋለሁ። በምትኩ «መቶ አለቃ ነቢዩ፣ የቀናው ታናሽ ወንድም» ብዬ አስሬበታለሁ። ፊደሌ ቢንሻፈፍ እንዳይስቁ፤ ከአራተኛ ክፍል ያስወጡኝ እርስዎ ነዎት።

እሁድ ሻምበል ሲመጡ ጮክ ብለው ያንብቡላቸው። ካነበቡት ሰኞ ተመልሼ ዘይት እቀባለሁ።
ካፈሩበት ግን አመዱ ምድጃው ሥር አለ፤ ስሙን እርስዎ ራስዎ ይፈትጉት።

ሶሊያና ነቢዩ